ለእግር ሐኪም ብዬ የገዛሁት ጫማ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ላስቀድም። ሰውየውን ሳያውቁ ገጠመኙን መስማት በሬውን ሳያዩ ዋጋ እንደመቁረጥ ነው።

መኳንንት እባላለሁ። አገሬ ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። በእኛ በኩል አንድ ነገር ሲሰበር፣ በር ይሁን ሞፈር፣ ሬዲዮ ይሁን የወፍጮ ሞተር፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው። “አያ መኳንንት እምቢ ካለው እግዜር ይማረው” ይላሉ። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሕዝቡ ነው። እኔ የምጨምረው እውነት መሆኑን ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። አናጢነትን ያስተማረኝም ሰው የለም። በወጣትነቴ አንድ ከተማ የተሠራ በር በእጄ ገባ፤ እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት። ሦስተኛውን በር ስሠራ የፊተኛውን የሠራው ሰው ቢያየው የራሱ ይመስለው ነበር። የሰበካችን ቤተ ክርስቲያን የምዕራብ በር የእኔ እጅ ሥራ ነው። ክረምት ሲመጣ የሌላው ሰው በር ሁሉ ያብጣል፣ ይኼኛው ግን በአንድ ጣት ይከፈታል። ፊደልም ቢሆን ለብቻዬ ለቅሜ ለብቻዬ ያነበብኩ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ራሴ ነኝ፤ ማንም አላረመልኝም፣ ማረም የሚያስፈልገውም አይመስለኝም።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ሰው ነኝ። የስኳር በሽታ ከያዘኝ ግን ቆይቷል። ክኒኔን እውጣለሁ፣ ማሩንና ጠላውን ትቻለሁ፣ እንደሌላው ሰው አልጋ ላይ አልዋልኩም። የኅዳር ገብስ አጨዳ እንኳ አላመለጠኝም።

ነገሩ የጀመረው አንድ አርብ ቀን ነው። ክኒኔን ልወስድ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። እዚያ ያለችው ነርስ ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች፣ የእስቴ ልጅ ናት፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያደገች። ሁልጊዜ ደሜን ለክታ፣ ክኒኔን ቆጥራ ትሸኘኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን፣

“አባቴ፣ ዛሬ እግርዎን አሳዩኝ” አለችኝ።

“እግሬ ምን አደረገ? ስኳሩ ያለው ደሜ ውስጥ ነው” አልኳት።

“ደሙ የሚሄደውኮ እግር ድረስ ነው” አለችና በረባሶዬን ራሷ ጎንበስ ብላ አወለቀችው። በረባሶ ያልኩት ከመኪና ጎማ የሚሠራውን ጫማ ነው፤ እሱንም የሠራሁት እኔው ነኝ። አፈርኩ። ተረከዜ በበጋ እንደተሰነጠቀ መረሬ መሬት ነው፤ ከአውራ ጣቴ ሥር ደግሞ ድፍን ባቄላ የሚያህል የደደረ መጅ አለ።

እንደ ፈረስ ጭራ የቀጠነች ነገር አወጣች። “ዓይንዎን ይጨፍኑ። ይህ እግርዎን ሲነካዎት ‘አሁን’ ይበሉኝ” አለች።

ጨፈንኩ። ፈተና መሆኑ ገብቶኛል፤ እኔ ደግሞ በፈተና ወድቄ አላውቅም። ትንሽ ቆየሁና “አሁን” አልኩ። ደግሞ ቆይቼ “አሁን” አልኩ። ልክ እንደ ዜማ እረፍት እየሰጠሁ “አሁን… አሁን…” አልኩ። ስጨርስ ዓይኔን ገለጥኩ። ልጅቱ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

“አባቴ” አለች ቀስ ብላ፣ “የመጨረሻዎቹን ጊዜያት አልነካሁዎትም እኮ።”

“የፊተኞቹንስ?”

“የፊተኞቹን ስነካዎት ዝም ብለዋል።”

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል፤ ሰው ቁስሉን ሳያውቀው ይሰነብታል፣ ቁስሉም አጥንት ይደርሳል፣ አጥንት ከደረሰ እግር ይቆረጣል። ይህን ስትል አንድ የስማዳ ወዳጄ ትዝ አለኝ፤ ማር የሚነግድ፣ ከእኔ የሚጠነክር ሰው ነበር። እሾህ ወጋኝ ሳይል እግሩ ጠቁሮ ተገኘና ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ዛሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲቆጥር ይውላል።

“ትልቁ ሆስፒታል እግር ብቻ የሚያይ ሐኪም መጥቷል” አለች። “ደውዬ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ። እስከዚያ መጁን በምላጭ እንዳይነኩት። ምንም እንዳይቀቡት። በሙቅ ውሃ እንዳይዘፈዝፉት። ሲሄዱ ደግሞ ዘወትር የሚያደርጉትን ጫማ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ማየት ይፈልጋል።”

“ገብቶኛል” አልኳት። የመጨረሻው ነገር ግን ከንቱ መስሎኝ ነበር። እኔ ያደፈ በረባሶ አንጠልጥዬ ሐኪም ፊት ልቀርብ? በእኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት የሚቀረበው ነጭ ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ እግሩን ታጥቦ ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ገበያው ሄድኩና ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛሁ። የከተማ ሹም የሚያደርገው ዓይነት፣ ጫፉ ሹል የሆነ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ይርገዱ ጫማውን ገልብጣ አየችው።

“ይህ ለማን ነው?”

“ለእግር ሐኪም።”

“ለሐኪሙ ጫማ ገዙለት?”

“አይ አንቺ ደግሞ! እሱ ፊት የምቀርብበት ነው። እግር ብቻ የሚያይ ሐኪም ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው።”

ጎረቤቴ ባዜ በዚያው ገባ። ባዜ አብሮ አደጌ ነው፤ ሲቀልድብኝ ካልዋለ እንቅልፍ አይወስደውም። “እግር ብቻ የሚያይ ሐኪም?” አለና ሳቀ። “ግራውን ነው ቀኙን? ቀስ ብለን ደግሞ ለትንሿ ጣት የተማረ እናገኛለን።”

“አንተ የምታውቀው የበቅሎ ሰኮና ብቻ ነው” አልኩት።

“የበቅሎዬ ሰኮና ካንተ ተረከዝ ያምራል” አለኝ። ተረከዜን ወደ ኋላ ሳብኩት፤ እውነት ነበርና።

ቅዳሜን በሙሉ ለቀጠሮው ስዘጋጅ ዋልኩ። ራሴን ተላጨሁ። ጋቢዬን ይርገዱ አጠበችልኝ። እግሬን በለብ ያለ ውሃ ታጠብኩ። ለሐኪሙ የማቀርበውን ንግግርም አሰናዳሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንደ ሙግት ነው፣ ነገሩን አሳክቶ ያልተናገረ ይረታል። ይርገዱን ሐኪም አደረግኋትና ቆሜ ጀመርኩ፦ “ጌታዬ ሆይ፣ ይህ እግር ዳገት ቁልቁለቱን ሳይል ዕድሜ ልኩን ያገለገለኝ፣ ባለቤቱን አንድ ቀን ያላሳፈረ…”

“እግሩን ሊያሳዩት ነው ወይስ ሊያሾሙት?” አለች ይርገዱ፣ ምስሯን እየለቀመች።

መጁን በሞረድ ላስተካክለው ብዬም ነበር። እንጨት የሚያስተካክል ሰው ይህን ያህል መጅ ያቅተዋል? ግን ይርገዱ ሞረዱን ከእጄ ወስዳ ከእህል ጎታው ኋላ ደበቀችው። “ሲስተር አትንኩት ብላለች” አለች፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

የቀረኝ ጫማው ነበር። ገልብጬ ሳየው ሶሉ ስስ ነው። የከተማ ሥራ ላይ ላዩን ነው። በጋይንት ድንጋይ አንድ ወር አይቆይም። ስለዚህ ከጎማ ቁራጭ ቀድጄ ሌላ ሶል ደረብኩበትና በጥቃቅን ሚስማር ዙሪያውን መታሁት። ሚስማሮቹን ከውስጥ ቆልምሜ አስተኛኋቸው። ማንም ቢያየው ከፋብሪካ እንዲሁ የወጣ ይመስለዋል። ከዚያ ላለማምደው ብዬ አድርጌው ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ውሃ ለመቅዳት ወረድኩ፣ አውድማው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አዲስ ጫማ ማንንም ይነክሳል፤ እኔን ግን አንድም ቦታ አልቆረጠኝም። ባዜን ጠርቼ አሳየሁት።

“አየህ? ሌላው ሰው አዲስ ጫማ ሲያደርግ ያነክሳል። እኔ በመጀመሪያ ቀኔ እንደ ወታደር እረግጣለሁ።”

“እግርህ እንደ አንተ ግትር ነው” አለኝና ሄደ።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ቅዳሴ ሄድን። አዲሱን ጫማ በጥቁር ካልሲ አድርጌያለሁ። ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነበር፤ ጨለማ ስለነበር ግን ማንም አላየውም። ከቅጥሩ በር ላይ እንደ ሥርዓቱ ጫማዬን አውልቄ ከሰው ጫማ ለየት አድርጌ አስቀመጥኩትና በካልሲ ገባሁ። ባዜ ከጎኔ ቆመ። እኔ በሠራሁት በር አጠገብ መቋሚያዬን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ቅዳሴው ገፋ፣ ብርሃንም በመስኮቱ ገባ። ባዜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

“ወደ ታች እይ” አለኝ በሹክሹክታ።

አየሁ። ሰሌኑ ላይ እጅ የሚያህል ቀይ እርጥብ ነገር አለ።

“ደም ነው” አለ።

“አይቼዋለሁ።”

“ውጣ እንግዲህ።”

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ደም የሚፈሰው ሰው ቅዳሴ ውስጥ አይቆምም፤ ይወጣል። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን ምኔን አሞኝ እወጣለሁ?

“የደማው ይውጣ እንጂ እኔ ለምን እወጣለሁ?” አልኩት።

ከፊቴ አንድ ጎልማሳ ቆሟል። ነስር ይሆናል ብዬ ትከሻውን በመቋሚያዬ ነካ አደረግሁት። “ወዳጄ፣ አፍንጫህን እየው።” ሰውየው አፍንጫውን ዳሰሰ፣ እጁን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ዞረ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም ልነካው ስል ባዜ መቋሚያዬን ያዘው። ተቆጣሁ። የማንም ደም ባለበት ላለመቆም ብዬ ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩ፣ ንጹሕ ሰሌን ላይ ቆምኩና ጸሎቴን ቀጠልኩ።

ብዙም አልቆየም። ባዜ እንደገና ጎሸም አደረገኝ። አሁን ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

“መኳንንት፣ ደሙ ተከትሎህ መጣ።”

ዝቅ አልኩ። ከመጀመሪያው ቦታ እስከ ግድግዳው ድረስ የአንድ እግር ቅርጽ ያለው ቀይ ነገር ተከታትሎ ታትሟል። መጨረሻው የእኔ ቀኝ እግር ሥር ነው። እግሬን አነሳሁ። ጥቁሩ ካልሲ ጥቁር እንደሆነ ነው፤ በጣቴ ስነካው ግን ውሃ እንደገባበት ጨርቅ ነው፤ ጣቴም ቀይ ሆኖ ተመለሰ። አልታመምኩም። ሕመም የሚባል የለም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ደምቻለሁ፤ መጥረቢያም መጋዝም ቀምሶኛል። ደሜ ሳልሰማው የወጣው ግን ያኔ ብቻ ነው።

ወጣሁ። ከቅጥሩ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥኩ። ባዜ ከሴቶቹ በኩል ይርገዱን አስጠርቷት ኖሮ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። ተንበርክካ ካልሲውን ገፈፈችው። መጁ ዳር ላይ ተሰንጥቆ ውስጡ ቀልቷል፤ ተረከዜ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ አለ፣ ጠባብና ጥልቅ። ትንሿ ጣቴ ላይ ያለው ቆዳ ተገፎ ተንጠልጥሏል። ይርገዱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣

“ይህ ሁሉ ሲሆን አንቱ የት ነበሩ?” አለችኝ።

“እዚሁ ነበርኩ” አልኳት።

እስካሁንም ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሰዉ ወጣ። ሁሉም እየመጣ አየኝ፣ ሁሉም መከረኝ። አንዱ ጠበል፣ አንዱ የዱር ቅጠል፣ አንዱ ጨው አለ። እኔ ግን የወሰንኩት ሌላ ነበር። ይርገዱን ጠራኋትና፣ “ማክሰኞ አልሄድም። ይህን ተሸክሜ በምን ፊቴ? ለሐኪሙ ያዘጋጀሁት እግር ይህ አይደለም። ይዳንና እሄዳለሁ” አልኳት።

ይርገዱ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል። “አንቱ ሰውዬ” አለች፣ “ሰው ሞፈሩን ወደ አንቱ የሚያመጣው ሲሰበር ነው ወይስ ከተጠገነ በኋላ?”

እግሬን በጋቢዬ ልሸፍነው ሞከርኩ፤ ገለጠችው።

“የስማዳው ወዳጅዎም ‘ይዳንና’ ብሎ ነበር። ሚስቱ ነግራኛለች። ይዳንና ይዳንና ሲል ነው የጠቆረው።”

ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ ጊዜ የስማዳው ወዳጄ የተቀመጠበት ደጃፍ ታየኝ፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ መንገደኛ ስቆጥር። በሩ የእኔ ሥራ ቢሆን እንኳ የማልገባበት፣ የማልወጣበት።

“እንሂድ” አልኩ። “ዛሬውኑ።”

ባዜ ወዲያው ተነሳ። “ሰዉ ሳይበተን ቃሬዛውን ላውጣ?”

“ቃሬዛው የእኔ ሥራ ነው” አልኩት። “ለማን እንደሠራሁት አውቃለሁ። ከነነፍሴ አልወጣበትም።”

“እንግዲያው በቅሎዬን አመጣለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ሰው እንጂ ጉራ አትሸከምም።”

“ግማሽ መንገድ ድረስ ትችለዋለች” አልኩት። ይርገዱ ሳይታወቃት ሳቀች፤ እኔም ያን ሳቅ ስሰማ በረታሁ።

ይርገዱ እግሬን በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ አሰረችው። ከዚያ ጫማዬን ከቅጥሩ በር አንስታ ቤት ሮጠችና አንድ ከረጢት ይዛ መጣች። በቅሎዋ ላይ ሆኜ ውስጡን አየሁት፤ አዲሱ ጫማና አሮጌው በረባሶዬ አብረው ተቀምጠዋል።

“ይኼን በረባሶ ምን ልታደርጊው? አታዋርጂኝ!”

“ሲስተር ዘወትር የሚያደርጉትን ይምጣ ብላለች። ከእንግዲህ እርስዎ የሚሉትን ሳይሆን እሷ የምትለውን ነው የምሰማ” አለች። በቅሎ ላይ ያለ ሰው ከረጢት የያዘችውን ሴት አይረታም።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሲስተር ትዕግሥት ተረኛ ነበረች። አየችኝና አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። ቁስሉን አጥባ አሰረችው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ወጋችኝ፣ የቁስል ክኒን ሰጠችኝ። “አባቴ፣ ማክሰኞ አንድም ነገር እንዳያስቀርዎት” አለችኝ። “እስከዚያ ይህ እግር መሬት እንዳይነካ።”

ሰኞን በአርብ ገበያ ዘመድ ቤት አንድ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ዋልኩ። ማታ መኪና አገኘንና ትልቁ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ሄድን። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፤ አጥንት ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ይርገዱ አጠገቤ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። እኔም በሆዴ የቤታችንን ደረጃዎች እየቆጠርኩ፣ በአንድ እግር እንዴት እንደሚወጡ ስለካ ነበር። ከፈለግሁ የእንጨት እግርም እሠራለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የተጽናናሁት ትንሽ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ክፍል ገባን። የጠበቅሁት ሽበታም ሰው ነበር፤ ያገኘሁት ግን ገና ጢሙ የሚያጎነቁል ወጣት ነው። ነጩን ካፖርቱን ሰብሰብ አድርጎ እኔን የምርመራ አልጋው ላይ አስቀምጦ ከፊቴ ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ተቀመጠና እግሬን አንስቶ በጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

“ኧረ ተው ልጄ! ዶክተር አይደለህም እንዴ?” አልኩት።

“ነኝ እንጂ። ሥራዬ ይኼው ነው” አለኝ።

ያሰናዳሁት ንግግር አፌ ላይ ነበር። “ጌታዬ ሆይ” ብዬ ልጀምር ስል ያቺን ቀጭን ነገር አወጣ። “አባቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲሰማዎት ይንገሩኝ።”

ጨፈንኩ። ቆየሁ። ምንም የለም። የአፌ ልማድ “አሁን” ሊል ተነሳ፤ ያዝኩት። በሕይወቴ ለማንም ያልተናገርኩትን ተናገርኩ።

“ልጄ፣ አይሰማኝም።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አለ ሐኪሙ። ለምን እንዳመሰገነኝ ያኔ አልገባኝም።

ማሰሪያውን ፈታ። በቀጭን ስለት መጁን በልስላሴ ይልጠው ጀመር፤ አላጋንንም፣ እንዲህ ያለ እጅ ከእኔ ሌላ አላየሁም ነበር። ከዚያ ቀጭን ዘንግ አንስቶ ተረከዜ ላይ ወዳለው ጉድጓድ ሰደደ። ፊቱን አየሁት። ሕመም ስለሌለ ፊቱን ከማየት በቀር የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ይርገዱ መቁጠሪያዋን አቆመች። የአልጋውን ብረት አጥብቄ ይዤ ነበር፤ እጄን በኋላ ሳየው የብረቱ ሰንበር ወጥቶበታል።

“አጥንት አልደረሰም” አለ። “ሁለት ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ ይህን አልልዎትም ነበር።”

ይርገዱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ግድግዳው ጥሩ ቀለም ተቀብቷል።

ሐኪሙ እንደጨረሰ “ጫማ ይዘዋል?” አለ። ይርገዱ ከረጢቱን አቀረበች። በረባሶዬን ሲያወጣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ገልብጦ እንደ መጽሐፍ አነበበው። “ይኸው፣ ከአውራ ጣት ሥር ብቻ ነው ያለቀው። ክብደትዎን የሚጥሉት እዚህ ላይ ነው። መጁ የመጣው ከዚህ ነው። አዲሱን ብቻ ይዘው ቢመጡ ይህን አላውቅም ነበር።” ይርገዱ አየችኝ። አላየኋትም።

ከዚያ አዲሱን ጫማ አነሳ። እጁን ውስጡ ከተተ፣ ፊቱ ተለወጠ። ለእኔም ሰጠኝና “እጅዎን ያስገቡ” አለኝ። አስገባሁ። ጣቴን ወጋኝ! ቆልምሜ ያስተኛሁት ሚስማር በእርምጃ ብዛት ቀና ብሎ ተነስቷል። እግሬ ያላወቀውን ጣቴ በአንድ ጊዜ አወቀው።

“ይህን ሶል የደረበው ማነው?” አለ።

“እኔ።”

“ጎበዝ እጅ አለዎት። ግን እጅዎ እግርዎን ወጋው።”

የተወጋውን ጣቴን እያሸሁ፣ “እንግዲያው አስተምረኝ። ለእንዲህ ያለ እግር ጫማ እንዴት ይሠራል?” አልኩት። ሳቀና ወረቀት ላይ ሳለልኝ፤ ጫፉ ሰፊና ክብ፣ ሚስማር የሌለበት በክርና በማጣበቂያ ብቻ የተሰፋ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ከመጁ ሥር ጎድጎድ ያለ። አገሬ ተመልሼ ሠራሁት። በሁለተኛው ቀጠሮ ሳሳየው የጎድጓዱ ዳር ስለታም ስለሆነ ቆዳ ይቆርጣል ብሎ መለሰልኝ። በሦስተኛው ቀጠሮ ጫማውን አገላብጦ አየና ምንም አልተናገረም። ለእኔ ከዚያ በላይ ሙገሳ የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሕመምን እንደ ጠላት የምትቆጥሩ፣ ስሙኝ። እኔም እንዲያው ነበርኩ። አዲስ ጫማ አልነከሰኝም ብዬ ጎረቤት ጠርቼ ስፎክር፣ ለካ የምፎክረው ዘበኛዬ ስለሞተ ነው። ሕመም ዘበኛ ነው። ስኳር ያለባችሁ ወይም አባት እናታችሁ ያለባቸው፣ ዘበኛው ከተኛ ቤቱን በዓይንና በእጅ መጠበቅ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የተዋበውን አትያዙ፤ ያረጀውን፣ ያደፈውን፣ የሚያሳፍረውን ያዙ፤ የሚናገረው እሱ ነው። “አይሰማኝም” ማለት ደግሞ ከ“አውቃለሁ” ይከብዳል። ሁለቱንም የሞከርኩ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ።

ከዚያ ወዲህ ያከናወንኳቸውን ልቁጠርና ላብቃ።

ቁስሌ ክረምት ሳይገባ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ ሐኪሙ ራሱ መስክሯል።

በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ መስታወት ገጥሜ ጠዋትና ማታ የእግሬን መዳፍ የማይበትን መሣሪያ ሠርቻለሁ። ሲስተር ትዕግሥት አንዱን ለጤና ጣቢያው ወስዳለች።

ሚስማር የሌለበትን ጫማ ከጋይንት ተሻግሬ ለእስቴ ሰው ሰፍቻለሁ፤ ለስማዳው ወዳጄም ለቀረው አንድ እግሩ ሠርቼለታለሁ፤ አንዱን ብቻ መሥራት ከሁለቱ ይከብዳል።

ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ወፍራም ነጭ ካልሲ ይርገዱን አስፈትዬ አሠርቻለሁ፤ ነጭ የሆነው ደም ቢኖር ቶሎ እንዲታይ ነው።

ባዜን አስገድጄ እግሩን አስመርምሬዋለሁ፤ ጤነኛ ነው፤ በዚህም ሲኮራ ይኖራል።

ባለፈው ጥምቀት ደግሞ ከታቦቱ ኋላ፣ ከይርገዱ ጎን፣ በሁለት እግሬ ወርጄ በሁለት እግሬ ተመልሻለሁ።